ከጠረጴዛው እግር ሥር የነበረው ወረቀት

ከአንድ ግድግዳ ማዶ ለሚያድረው ልጄ፤

ጤናህን እንዴት ይዞሃል? ሥራው፣ ትምህርቱ፣ ያ ሁሉ የሙዚቃ ሽቦህ ደህና ነው? ሳሉስ ለቀቀህ ወይ? እኔ ወገቤ እንደ ልማዱ ከማጉረምረሙ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። በአንድ ቤት እየኖርን እንዴት ነህ ብዬ በደብዳቤ ስጠይቅህ ትስቅ ይሆናል። ሳቅ። ግን ከእሑድ ሌላ ፊትህን በቅጡ የማየው ስንት ቀን እንደሆነ እስቲ ቁጠረው። ጎህ ሳይቀድ ወደ ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ትወጣለህ፤ ከዚያው ኮሌጅ ትገባለህ፤ ስትመለስ እኔ ተኝቻለሁ። ቤት ገብተህ እንደነበር የማውቀው ኮሪደሩ ላይ በሚቀረው የበረኪና ሽታ ነው።

ይህን የምትጽፈው መንገዱ ጥግ ያለችው ባለ ፎቶ ኮፒዋ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። አታሳምሪው፣ እንደወጣ ጻፊው ብያታለሁ። ለምን ራስህ አልጻፍከውም ትለኝ ይሆናል። እመጣበታለሁ፣ አታጣድፈኝ።

አስቀድሜ ግን ሌላ ነገር ልናገር፤ ጥፋቴን ካወራሁ በኋላ የምለው ሁሉ ማባበያ ይመስልብኛል። ግንብ ስሠራ ከመወጣጫው ወድቄ ወገቤ የተሰበረ ጊዜ አንተ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነበርክ። ደብተሮችህን ካርቶን ውስጥ ከተህ "ለትንሽ ጊዜ ነው አባዬ" ብለህ ልብስ ማጠቢያው ገባህ። ያ ትንሽ ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመት ሆነ። አምና "ማታ ማታ ልቀጥል ተመዘገብኩ" ስትለኝ ምን እንዳልኩህ አልረሳሁትም። "ከፍሬሽ ልጆች ጋር ልትቀመጥ ነው? ጉልበትህስ ዴስኩ ሥር ይገባል?" አልኩህ። "ካልገባ አንተ በልኬ ትሠራልኛለህ" ብለህ ሳቅክ። ያን ቀን ሰፈሩን ሁሉ ዞሬ ልጄ ኮሌጅ ተመለሰ፣ ቀን እየሠራ ማታ ይማራል እያልኩ ሳወራ መዋሌን አታውቅም። ለሰው እናገራለሁ። ለአንተ ሲሆን ምላሴ ይተሳሰራል።

ዲጄነትህንም ቢሆን ሳላግጥበት የዋልኩበት እሑድ የለም። ሄድፎኑን ደፍተህ ያንን ባለ ብዙ ቁልፍ ማሽን ስትነካካ ሙዚቃውን የምትሰማው አንተ ብቻ ነህ፤ እኔ የማየው ራስህን ስትነቀንቅ ነው። ለማያውቅህ ሰው፣ የማይታይ አለቃ ፊት ቆመህ "እሺ ጌታዬ፣ እሺ ጌታዬ" የምትል ትመስላለህ። "ሌላው በዘፈነው አንተ ምን ቤት ነህ?" ብልህ "አባዬ፣ አንዱን ዘፈን ከሌላው ሳላስታውቅ ማጋጠም ነው የኔ ነገር" አልከኝ። አላልኩህም እንጂ ገብቶኛል። ድንጋይም እንዲሁ ነው፤ መጋጠሚያው ዓይን ውስጥ ከገባ ግንበኛው ሰነፍ ነው። የሥራ ባልደረባህ ልጇን የዳረች ቀን ስታጫውት ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ምርኩዝ የያዙት ሳይቀሩ ተነሡልህ። የኔም እግር ሳያስፈቅደኝ ወለሉን ይደበድብ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ "ይሄ ዲጄ የማን ልጅ ነው?" ሲለኝ "እኔ እንጃ" አልኩት። የኔ ነው ብል ድምፄ ይከዳኝ ነበር።

እንግዲህ ይኸው ጥፋቴ።

ያለፈው ሳምንት ሰኞ አንተ ሥራ ላይ ሳለህ አንድ ባለ ሞተር ተላላኪ መጥቶ በሩን እንደ ፖሊስ ደበደበው። አንድ ወረቀት ሰጠኝና "ይህን አንብበው ቀኑን ለልጅዎ ይንገሩት፤ እዚህ ጋ ይፈርሙ" አለኝ። ደንቆሮ ያናገረ ይመስል ይጮሃል። "ቀኑን አይተውታል አይደል?" አለ ደግሞ። "ዓይን አለኝ" አልኩና ያቺን የማውቃትን አንዲት ፊርማ ጫርኩለት። ሄደ።

ወረቀቱን አገላበጥኩት። አናቱ ላይ ባለ ቀለም ክብ ምልክት አለው። በበር ሥር የሚወረውሩት የፍራሽ ማስታወቂያም እንደዚያ ያለ ምልክት አለውና ከዚያው ነው አልኩ። የፍራሽ ሻጭ ማንን አስፈርሞ ያውቃል? ይሄን አሰብኩት፤ አስቤም ተውኩት። ማሽንህ ያለበት ጠረጴዛ አንደኛው እግሩ ያጥር የለ? ስትነካው ይንገጫገጫል፣ እሱ ሲንገጫገጭ አንተ ትነጫነጫለህ። ወረቀቱን አራት እጥፍ አድርጌ እዚያ እግር ሥር ሸጎጥኩት። ልክክ አለ። እሑድ ልትለማመድ ስትቆም ጠረጴዛው ቀጥ ብሎ አገኘኸውና "አባዬ፣ እጅህ ይባረክ" አልከኝ። ኮራሁ። ከሰዓት በፊት ሙሉ እዚያ ወረቀት ላይ ቆመህ ስትጫወት እያየሁህ ኮራሁ።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ደወልክ። "አባዬ፣ ከኮሌጅ ወረቀት አልመጣም?" አልከኝ። የልብስ ማጠቢያው ማሽኖች ተበላሽተው አለቃህ ደራርቦ ባሠራህ ቀን ያመለጠህን ፈተና እንደገና እንዲያስቀምጡህ አመልክተህ እንደነበር ነገርከኝ። መልሱን ወደ ቤት እንልካለን ብለውሃል። "ቢሮው ሲከፈት እኔ አንሶላ ማጠብ ላይ ነኝ፤ እኔ ስደርስ እነሱ ቆልፈዋል" አልከኝ።

ዓይኔ ጠረጴዛው እግር ላይ ነበር። "አንድ ወረቀት መጥቷል" ብልህ "ምን ይላል?" ትለኛለህ። ምን ልበልህ?

"አልመጣም" አልኩህ።

ልጄ፣ ማንበብ አልችልም። ይኸው። ጻፊው አልኳት፣ ጻፈችው። አንድ ፊደል አልቆጠርኩም። የስንቱን ትምህርት ቤት ግድግዳ አቁሜአለሁ፤ ውስጡ ግን አንድ ቀን ተቀምጬ አላውቅም። ጋዜጣውን የማገላብጠው ለፎቶው ነው። መነጽሬን ረሳሁ የምለው ሁሉ ውሸት ነው። እናትህ ብቻ ታውቅ ነበር፤ እሷም ይዛው አረፈች። ወረቀቱን ሳላውቅ መሸጎጤን ይቅር ልትለኝ ትችላለህ፤ ያወቀ ሰው አያደርገውም። ማክሰኞ ግን ጠርጥሬ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ቀርቶህ ነበር። ያቺን "አልመጣም" አውቄ ነው ያልኳት።

አርብ ጠዋት አልጋህ ጫፍ ላይ አንድ እግር ካልሲ ይዘህ ቁጭ ብለህ አየሁህ። "ዝም አሉኝ እኮ" አልክ፣ ለኔም አልነበረም ለካልሲውም አልነበረም። አንተ እንደወጣህ ጠረጴዛውን በትከሻዬ አንሥቼ ወረቀቱን አወጣሁና ባለ ፎቶ ኮፒዋ ዘንድ ወሰድኩት። "ዓይኔ ደክሟል፣ አንብቢልኝ" አልኳት። አነበበችልኝ። ፈተናው ተፈቅዶልሃል። ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት፣ ከመሥሪያ ቤትህ ማስረጃ ይዘህ። ካልተገኘህ በትምህርቱ ወድቀህ ትሰናበታለህ፤ አንድ ጊዜ አቋርጦ የተመለሰ ተማሪ እንደገና አይመዘገብም ይላል። "ሐሙስ የትኛው ሐሙስ ነው?" አልኳት። "የትናንቱ" አለችኝ።

ከዚያው ወደ ኮሌጁ ሄድኩ። መስኮት በመስኮት ነው፤ በየመስኮቱ አናት ጽሑፍ አለ። ሰው የበዛበት ላይ ተሰለፍኩ። አንድ ሰዓት ቆሜ ልደርስ ስል አንዱ ተማሪ "አባት፣ ይሄ እኮ የመታወቂያ ነው" አለኝ። እንደገና ሌላ ሰልፍ። ጸሐፊዋ ክፉ ሰው አልነበረችም። ደብተር ከፍታ ያቺን ፊርማዬን አሳየችኝ። "'አንብቤ ተረድቻለሁ' በሚለው ሥር ነው የፈረሙት" አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "አባቴ፣ ማንበብ የማይችሉ ከሆነ አሁን ይንገሩኝ። መልእክቱ ለተማሪው እንዳልደረሰ ጽፌ ለዲኑ አቀርበዋለሁ። ሌላ መንገድ የለኝም" አለች።

ከኋላዬ ሃያ የሚሆኑ ልጆች ተሰልፈዋል። አንዷ ማስቲካ ታኝካለች። ዞሬ አየኋቸው፤ እነሱም አዩኝ።

"እንዴት አልችልም! ምን መሰልኩሽ?" አልኳት።

"እንግዲያውስ" አለችና ደብተሩን ዘጋችው።

ወጥቼ የግቢው አጥር ሥር ተቀመጥኩ። እጄ ልማዱ ነውና ግንቡን ዳበሰው። ሲሚንቶው ሳስቶ ነው የተሠራው፣ በሁለት ክረምት ይረግፋል። የልጄን ነገር አፍርሼ መጥቼ የሰው አጥር እነቅፋለሁ። ተመልሼ ልግባ ብዬ ሁለት ጊዜ ተነሣሁ፤ ሁለት ጊዜም ተቀመጥኩ። ሰልፉ አልቀነሰም ነበር። በኋላ መስኮቱ ተዘጋ።

ዛሬ ጠዋት ጫማህን ስታስር በአፌ ልነግርህ ቆሜ ነበር። አፌን ከፈትኩ። "ሻይ ጠጣህ?" አልኩህ። "ጠጣሁ" አልክና ወጣህ። እንዲህ ነው የሆንኩት። ለዚህ ነው ደብዳቤ የሆነው።

ባለ ፎቶ ኮፒዋ መሃል ላይ አቋርጣ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። "ልጅዎ ሲወጣ ወረቀት ጽፎ ትቶልዎት ያውቃል?" አለች። በፍጹም አልኳት። የኛ ቤት ሥርዓት ሌላ ነው ብዬ አስረዳኋት። ሰማያዊው ኩባያ ከተደፋ ትምህርት አለህ፣ አንተን ሳልጠብቅ እበላለሁ። ሄድፎኑ ከበሩ ምስማር ላይ ከሌለ ልታጫውት ሄደሃል። መጽሐፍ ቴሌቪዥኑ ላይ ካለ ፈተና ደርሷል፣ ድምፅ እቀንሳለሁ። ስልኬም ላይ ስም የለም፣ ያንተን ፎቶ ስነካው ይደውላል፤ ዘመናዊው እንዲህ ነው ብለህ አንተው ነህ ያስተካከልክልኝ። ጋዜጣም ስታነብ ጮክ ብለህ ነው፤ ጮክ ካላልክ አይገባህም። ልጄ የማሽን ሰው ነው፣ ወረቀት አይወድም አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። ምን ሆንሽ ስላት "ምንም፣ ይቀጥሉ" አለችኝ።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ወረቀት ታገኛለህ። ለዲኑ የተጻፈ ነው። እኔ የዚህ ተማሪ አባት ማንበብም መጻፍም አልችልም፤ ወረቀቱን ተቀብዬ አልሰጠሁትም፤ ልጁ ምንም አያውቅም ይላል። አውራ ጣቴን አድርጌበታለሁ። ሰኞ ራሴ ይዤው ልሄድ ፈልጌ ነበር፤ ግን ራሴን አውቀዋለሁ። እዚያ መስኮት ጋ ስደርስ መልሼ እክደዋለሁ። አንተ ውሰደው። ከሥራ አስፈቅደህም ይሁን ቀርተህ ውሰደው። ጮክ ብለህ አንብበው ቢሉህ አንብበው፤ እዚያው በር ላይ ቢለጥፉትም ይለጥፉት።

ይቀበሉት አይቀበሉት አላውቅም። ባለ ፎቶ ኮፒዋም አታውቅም። ዲኑ መንገድ ሄዷል ይላሉ፤ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አላገኘሁም። ግድግዳ ቢሆን ኖሮ አፍርሼ እንደገና እሠራልህ ነበር። ይሄን በየት በኩል እንደሚይዙት እንኳ አላውቅም። በመጀመሪያው ጊዜ ያስቆመህ ወገቤ ነው፣ በእሱ ማንም አይፈርድብኝም። አሁን ያስቆመህ አፌ ነው።

ፈጣሪ ከፊትህ ይቅደም። የዘጉብህን በር የሚከፍት ሰው ያዝዝልህ። የደከምክበትን ለሌላ አይስጥብህ። ጉልበትህን ይጠብቅልህ፣ ከኔ የባሰ ሽማግሌ አያድርግህ። ብትቆጣኝ ተቆጣ፤ ግን በልተህ ተቆጣ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ማንበብ አልችልም የምትለዋ ጋ ስትደርስ ብዙ አትደንግጥ። መቼም ከባድ ነገር ነው፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ጠርጥረኸኝ አታውቅም።

አባትህ