ባዶውን የሄደው ወንበር

ጥቅምት 9

ከሕረባ ዛሬም የለም። ኻርቱም፣ ካላክላ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ማራገቢያውም ይቆማል፣ ክፍሌ ምድጃ ይሆናል። ሐፍላው፣ ሚኒባሱ ላይ ከአንድ ወፍራም ሰውዬ ጋር ተጣብቄ ዐማራት፣ ቢሮ ደረስኩ። ሸሚዜ ጀርባው ርሷል። ሙዲሩ፣ አለቃችን ጂብሪል፣ አየኝና ምንም አላለኝም። ደግ ሆኖ ነው ወይስ መኖሬን ረስቶት?

አራት ሰዓት ላይ እንደተለመደው ፈጡር፣ የጋራ ቁርሱ መጣ። አንድ ትልቅ ትሪ፣ መሐሉ ላይ ፉል፣ ዙሪያውን ዳቦ። ቢሮው በሙሉ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተሰበሰበ፣ ጥበቃው ሳይቀር። እኔ ስክሪኔ ላይ አፈጠጥኩ። ኮድ የማነብ መስዬ። አንድ መስመር እንኳ አላነበብኩም።

ድሮ ይጠሩኝ ነበር። ነሐሴ ላይ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን፣ ከጎኔ የሚቀመጠው ሀሰን «ተፈደል!» አለኝ፣ ና ብላ ማለቱ ነው። ሰው በመጀመሪያው ጥሪ ዘሎ ይነሳል እንዴ? እናቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች! «በልቻለሁ» አልኩ። በነጋታው ደግሞ ጠራኝ። ፍልሰታም ስለነበር «ሳይም» አልኩት፣ ጾመኛ ነኝ ለማለት። ሦስተኛውን ስጠብቅ... ቀረ። ይኸው እስከ ዛሬ ቀረ።

ማታ ሆሹ፣ የምኖርበት ግቢ ውስጥ የማናግረው አንድ ሰው አለኝ። እታለም ሀዋ፣ ከግድግዳው ማዶ ያለችው የወሎ ሴት። ጀሪፍ ውስጥ ሰው ቤት ትሠራለች። በሩን ስከፍት ከክፍሏ ሆና ያቺኑ ነው የምትለኝ። «ወንድማለም፣ መጣህ? አብሽር፣ አይዞህ!» ቀኑን ሙሉ በአማርኛ የምሰማው ይህንኑ ነው።

ጥቅምት 12

የአውቶቡስ ኩባንያው ሰዎች መጡ። ከኻርቱም እስከ ገላባት፣ መተማ ድንበር ድረስ የሚሄዱት። የሠራንላቸው የትኬት ፕሮግራም ዘገየብን ይላሉ። ሰው በስልኩ ወንበር ይመርጣል፣ ከዚያ መጠበቅ ነው።

ጂብሪል ወደኔ ዞረ። «ውስጡ ያለው ሠራተኛ አንድ ብቻ ነው አይደል? ስምንት አድርገው! ስምንት እጥፍ ይፈጥናል።»

ትሬድ ማለቱ ነው። አንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን እንደሚሠሩ ሠራተኞች ማለት ነው። ስምንት እጥፍ... እውነት? መዝገቡ አንድ፣ በሩ አንድ ከሆነ ስምንት ሰው በር ላይ ተጋፍቶ ከመቆም በቀር ምን ይፈይዳል? ግን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እየተባለ ያደገ ሰው ይህን አይጠይቅም። «ሓዲር»፣ እሺ ብዬ ተቀመጥኩ።

ጥቅምት 16

ሠራ! ብቻዬን ቁጭ ብዬ ደጋግሜ ሞከርኩት፣ አንድም ስሕተት የለም። ስምንት እጥፍ ቀርቶ እጥፍም አልፈጠነም፣ ቢሆንም ጂብሪል ደስ ብሎታል። ትክክል ባይሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ ጊዜ አይሠራም ነበር፣ አይደል?

ጥቅምት 17

የሀዋ ልጅ ልትዳር ነው። ዘምዘም። ኒካው ኅዳር 4፣ ኮምቦልቻ። ሀዋ ጥላት ስትመጣ ልጅቷ የወተት ጥርሷን እየነቀለች ነበር አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በስልክ ብቻ ነው የሚተያዩት።

ትኬቷን በራሴ ፕሮግራም፣ በራሴ ስልክ ቆረጥኩላት። መቀመጫ አሥራ አራት፣ በመስኮት በኩል። «ይሄን አንተ ነህ የሠራኸው? ማሻአላህ!» አለች። ደረቴ ተነፋ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሰማኸኝ፣ እኔ እንግዲህ አልመለስም። ከልጄ ዘንድ እቀራለሁ።»

እንኳን ደስ አለሽ አልኩ። ምን ልበል ሌላ? ክፍሌ ገብቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ከእንግዲህ መጣህ የሚለኝ ማን ነው?

ጥቅምት 24

ጎህ ሳይቀድ ሄደች። በሩ ላይ ተሰነባበትን። ቀኑን ሙሉ ሥራ አልያዝልህ አለኝ። ማታ የሆሹን በር ስከፍት...

«ወንድማለም፣ መጣህ?»

በቁሜ ቀረሁ። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። ሚና በሪ፣ የአውቶቡስ መናኸሪያው ሄዳ አውቶቡስ ውስጥ ስትገባ አሥራ አራት ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች። ለምለም ትባላለች፣ የጎንደር ልጅ፣ አባቷ ታሞባት የምትሄድ። ሁለቱም ትኬት አላቸው፣ ሁለቱም ላይ አሥራ አራት ይላል። ሌላ ወንበር የለም። ትኬት ተቆጣጣሪው «አንዳችሁ ውረዱ» አለ።

«እኔ ለሰርግ ልሂድ ብዬ አባቷ የታመመባትን ልጅ ላስቀር? ወላሂ አላደርገውም!» ሀዋ ሻንጣዋን አንስታ በፊት በር ወረደች። ለምለም ለካ እሷም በሆዷ «እናቴን የምታህል ሴት አስወርጄ!» ብላ በኋላው በር ወርዳለች። ሾፌሩ «ያላ!» አለ፣ ሄደ። አቧራው ሲገለጥ ሁለቱ ሻንጣቸውን ይዘው ፊት ለፊት ተያዩ።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ወረድሽ?»

«እርስዎስ?»

ወንበሩ ባዶውን ገላባት ሄደ። ይሄ የሚገጥመው የኛን ሰው ብቻ ነው። እየሳቀች ነበር የምትነግረኝ፣ ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። «ዘምዘም እናቴ ለሰርጌ እንኳ ቀረች ትላለች...»

እኔ ግን ሁለቱም ላይ አሥራ አራት የሚለው ላይ ነኝ። ያ እኮ የኔ ሥራ ነው። ነገርኳት። «ሰው ይሳሳታል፣ ብቻ አስተካክለው» አለች።

ጥቅምት 26

ኩባንያው መሸጥ አቆመ። ፕሮግራሙ እስኪስተካከል አንድም ትኬት የለም። የሚቀጥለው አውቶቡስ ጥቅምት 30 ነው። ያኛው ካመለጣት ሀዋ ለኒካው አትደርስም። በቃ፣ አጭሩ ይሄ ነው።

ጂብሪል አላመነም። «አይሆንም! ስንት ጊዜ ሞክረኸው ሠርቷል!» እኔም እስከ ትናንት እንደዚያ ነበር የማስበው።

ኮዱን አነበብኩ። እያንዳንዱ ሠራተኛ መጀመሪያ ወንበሩ ባዶ መሆኑን ያያል፣ ቀጥሎ ስም ይጽፋል። በማየቱና በመጻፉ መሐል ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ የማትቆይ ክፍተት አለች። በዚያች ክፍተት ሌላው ሠራተኛ ቢያይ እሱም የሚያየው ባዶ ነው። ሁለቱም ይጽፋሉ። ሁለቱም አልዋሹም።

እስቲ ስሕተቱን ልያዘው ብዬ ፕሮግራሙ በየእርምጃው የሚያደርገውን እንዲነግረኝ አዘዝኩት። ሲናገር ይዘገያል፣ ሲዘገይ ሠራተኞቹ አይጋጩም። ጭራሽ ጨዋ ሆኖ ቁጭ! እንግዳ ፊት እንደሚቀመጥ ልጅ። እኔ ዘወር ስል ግን ያው ነው የሚሆነው።

ባላገኘውስ? ሀዋ አትሄድም። ማታ ማታ መጣህ ትለኛለች... ይቺን ጽፌ ሳነባት አፈርኩ። አልሰርዛትም።

ጥቅምት 27

አንድ መላ መጣልኝ። ሁለት ሠራተኞች አንድ ወንበር ላይ ከተገናኙ ሁለቱም ወደኋላ ይበሉ። ጨዋነት! ብቻዬን ሞከርኩት፣ ሠራ። ልቆም ስል... ብቻዬን? ስሕተቱ እኮ የሚመጣው ሁለት ሰው በአንዴ ሲፈልግ ነው። እኔ ከጥዋት ጀምሮ አንድ ሰው ነኝ። ከነሐሴ ጀምሮ አንድ ሰው ነኝ!

ሀሰንን መጠየቅ ነበረብኝ። ጎኔ ነው ያለው፣ ክንዴን ብዘረጋ እነካዋለሁ። ያቺን «እባክህ» ለማለት ግን ጉሮሮዬን ስንቴ ጠረግኩ። ስጠይቀው ወንበሩን ጎትቶ ከች አለ። እሱ በስልኩ፣ እኔ በስልኬ፣ «ያላ!» እያልን አብረን መጫን ያዝን። ብዙ ከሞከርን በኋላ ሁለታችንም ስልክ ላይ «ይቅርታ፣ ወንበሩ ተይዟል» አለ። መዝገቡን አየን። ወንበሩ ባዶ ነው።

«ማን ያዘው ታዲያ? ጂን?» አለ ሀሰን።

ሀዋና ለምለም ናቸው! አንዷ በፊት በር፣ አንዷ በኋላ በር። ታሪኩን ነገርኩት። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ከመቼ ወዲህ እንደሆነ እንጃ። ከዚያ ዓይኑን እየጠረገ «አንተ፣ ጾምህ ግን መቼ ነው የሚያልቀው?» አለኝ።

«የቱ ጾም?»

«ሳይም አላልከኝም? የሐበሻ ጾም ረጅም ነው አሉን። ጾመኛን ወደ ምግብ መጥራት ነውር ነው ብለን ተውነው። ትሪውን ሁሌ ዞር የምናደርገው እንዳይሸትህ ብለን ነው።»

እኔ ጀርባቸውን የሰጡኝ ነበር የመሰለኝ። ስንት ጊዜ ተቀይሜያለሁ! ያለቀው ነሐሴ ላይ ነው ልበለው? «በቅርቡ» አልኩት። በቅርቡ! ቂል ነኝ።

ጥቅምት 28

ጥዋት ሆሹ ውስጥ ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ስጠብቅ ገባኝ። ለኔና ለሀዋ መታጠቢያው አንድ ነው። ቁልፉ ምስማር ላይ ይሰቀላል። ካገኘኸው ወስደህ ትገባለህ፣ ከሌለ ሰው አለ ማለት ነውና ቆመህ ትጠብቃለህ። አንተ ቅደም፣ አንቺ ቅደሚ የለም። ተጋጭተንም አናውቅም። ሀዋ ስትወጣ «ምን ያስቅሃል በጥዋቱ?» አለችኝ።

ለእያንዳንዱ ወንበር አንድ ቁልፍ አበጀሁለት። ቁልፉን የያዘው ሠራተኛ አይቶ፣ ስም ጽፎ፣ ጨርሶ ነው የሚመልሰው። ጂብሪል «ቁልፍ ካስገባህበትማ ይዘገያል!» ብሎ ጮኸ። አሥራ አራትን የሚፈልግ አሥራ አምስትን የሚፈልገውን እኮ አያስቆመውም አልኩት። ሠራተኞቹንም ከስምንት ወደ ሁለት አወረድኳቸው። ከስምንቱ ፈጠኑ። ጂብሪል ሁለት ጊዜ አስለካኝና ራሱን እያከከ ሄደ።

ለመጨረሻው ሙከራ ሀሰን ቢሮውን በሙሉ ጠራ። ሁሉም ስልኩን ይዞ፣ ሁሉም አንድ ወንበር ላይ። «ያላ!» አንድ ሰው ብቻ አገኘ። ጥበቃው! ገላባት የሄደ ያህል ጨፈረ።

ከሰዓት ሽያጩ ተከፈተ። ሀዋ አሥራ አራት፣ ለምለም አሥራ አምስት።

ጥቅምት 30

ሚና በሪ ሸኘኋቸው። አውቶቡሱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ሀዋ «አንቺ በመስኮት በኩል ሁኚ»፣ ለምለም «ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ!» ሁለቱም ቆመዋል፣ መተላለፊያው ተዘግቷል፣ ከኋላ ሰው ያጉረመርማል። «እታለም ሀዋ፣ በአላህ፣ ዝም ብለሽ ተቀመጪ!» ብዬ ጮኽኩ። አውቶቡሱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ተቀመጠች።

በመስኮቱ እጄን ያዘችኝ። «ወንድማለም፣ አብሽር።» አውቶቡሱ ተነሳ።

ሆሹ ጭር ብሏል። የመታጠቢያው ቁልፍ ምስማሩ ላይ ነው። ከእንግዲህ ሁሌም ምስማሩ ላይ ነው።

ኅዳር 1

ማታ የሆሹን በር ከፍቼ ትንሽ ቆምኩ። ልማድ ነው።

ኅዳር 4

ሐፍላ ውስጥ ሳለሁ የድምፅ መልእክት መጣ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። እልልታ፣ ድቤ፣ የልጆች ጩኸት፣ ከዚያ ሁሉ መሐል የሀዋ ድምፅ። «ወንድማለም፣ ደረስኩ! ይኸው ዘምዘም፣ እቅፌ ውስጥ! ደረስኩ እኮ!» ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ምን ሆነህ ነው አለኝ። ምንም አልኩት፣ ጉንጬን እየጠረግኩ።

ኅዳር 6

ከሕረባ የለም። ሐፍላው ተጨናንቋል። ሸሚዜ ያው ረጥቧል።

አራት ሰዓት ላይ ትሪው መጣ። ሀሰን እንደ ልማዱ ከኔ ዞር ሊያደርገው ሲል «ጾሙ አልቋል» አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ሀሰን ትሪውን መለሰና «ተፈደል!» አለ።

ሁለተኛውን ጥሪ አልጠበቅኩም። ተነሳሁ።

ጥበቃው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ዳቦዬን ቆርጬ ስሰድ መሐል ላይ እጄ ከሀሰን እጅ ጋር ተጋጨ። እሱም እጁን አልሰበሰበም፣ እኔም አልሰበሰብኩም። ፉሉ ጨው በዝቶበታል።