በአቶ እጅጉ ማሳ ጥንዚዛ የለም

ጥቅምት 3 ቀን 1959
ፍኖተ ሰላም። ጠዋት ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ማኅተም መታሁ። ምሳ ሽሮ። ከሰዓት ሹሙ ጠሩኝ። «እንግሊዝኛ ትችል የለ?» አንድ ጀርመን መጥቷል፤ ሚስተር ብሩክማን። በአገሩ ማዘጋጃ ቤት የልደትና የጋብቻ መዝገብ ያዥ ነው አሉ። እዚህ የመጣው ግን... በዕረፍቱ ጥንዚዛ ሊለቅም! አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ወጣሁ።

ጥቅምት 5
ማንኩሳ ሄድን። ሰውየው አራት ችካል ተከለ፣ ዙሪያውን ሲባጎ ወጠረ፣ ከዚያ በደረቱ ተኝቶ መሐል ያለውን ጥንዚዛ ይቆጥር ጀመር። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው! የሲባጎውን ጫፍ እኔ ይዣለሁ። ቀና ስል አጥሩ በሰው ተሞልቷል፤ ሁሉም ሲባጎውን ያያል። ያን ጊዜ ገባኝ። ጎጃም ውስጥ፣ በሰው ርስት ላይ፣ ገመድ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ለግብር መሬት ሊለካ የመጣ እመስላለሁ። ምን ነክቶኝ ነው? ማሳው ደግሞ የአቶ እጅጉ፣ የእጮኛዬ የአልጣሽ አባት። ሰርጋችን ለጥር ነው።

ጥቅምት 6
ከአቶ እጅጉ መልእክት መጣ። «ለመሬት ለኪ ልጅ አልሰጥም።» ይኸው ነው።

ጥቅምት 8
የሚቆጥረው ጥንዚዛ እንጂ መሬት አይደለም ብዬ ለአቶ እጅጉ የነፍስ አባት ለመምሬ ገብረሰንበት አስረዳኋቸው። ባሰ። «ልጄ፣ ዛሬ ጥንዚዛውን ከቆጠረ ነገ በሬውን ነው። ከነገ ወዲያስ?» አሉኝ።
አሁን ደግሞ ጥንዚዛ የተገኘበት ማሳ ሁሉ ይለካል ተብሏል። ሰዉ በቅል እየለቀመ ጎረቤቱ ማሳ ላይ ሲደፋ ዋለ። ጎረቤቱም መልሶ ይደፋል። ጎረቤታሞቹ ሐብቴና ተስፋው በዚሁ ዱላ ተማዘዙ። ሚስተር ብሩክማን ደብተሩን እያገላበጠ «በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ፣ ዛሬ አራት መቶ!» ይላል። ግራ ገብቶታል፤ ምስኪን።

ጥቅምት 9
ሁሉንም ነገርኩት፤ የአልጣሽንም። «ስንት ጋብቻ መዝግቤያለሁ፤ አፍርሼ ግን አላውቅም» አለ። ሽማግሌ ሆኖ ሊሄድልኝ ነው... እግዚኦ!

ጥቅምት 11
መምሬና ጀርመኑ ሽማግሌ ሆነው ገቡ። እኔም አብሬ። የራሱን ሽምግልና የሚያስተረጉም ሰው የት አገር ታይቷል? አቶ እጅጉ ፊታቸውን አልፈቱም። «በማሳዬ ጥንዚዛ የለም ብለው ይጻፉ፣ ይፈርሙ። ያኔ ልጄን እሰጣለሁ።»
ሚስተር ብሩክማን ፊቱ ቀላ። ለካ ከዚያው ማሳ ማንም አይቷት የማያውቅ አረንጓዴ ጥንዚዛ አግኝቶ በጠርሙስ ይዟታል። «ሠላሳ ዓመት መዝገብ ይዤ አንድ ውሸት አልጻፍኩም» አለኝ። ይህን አላስተረጎምኩም። እንዴት አድርጌ? አልጣሽ በጓዳው በር ታየናለች።
እሱም አያት፤ ብዕሩን አወጣ። ጻፈ፣ ፈረመ። ከሥሩ አማርኛውን እኔ ጻፍኩ። ከዚያ ደጅ ወጥቶ ጠርሙሱን ከፈተና ለቀቃት።
«ምነው?» አልኩት።
«የለም ብያለሁ። የሌለ ነገር ይዤ አልሄድም።»
ቤቱ እልል አለ። እኔ ግን አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ።

ጥቅምት 14
ሚስተር ብሩክማን በቡሬ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር ሄደ። ቢሮ ስደርስ አርባ ገበሬ በር ላይ ቆሟል፤ ሁሉም «የለም» የሚል ወረቀት ፈላጊ። ሹሙ «ጻፍላቸው፣ ምን ቸገረህ?» አሉ። እጄ ዛለ።

ጥር 18
ከተጋባን ሦስተኛ ቀን። ጠዋት አልጣሽ እጇን ጨብጣ መጣች። «እንካ፣ ለሰውዬህ ላክለት።» ስትከፍተው ያቺ አረንጓዴ... ደርቃለች እንጂ አልተሰበረችም። የዚያን ዕለት ከደጃፉ አንስታ በሙዳይ አስቀምጣት ኖሯል። «ሲለቃት ፊቱን አይቼ አንጀቴን በላው» አለችኝ።
በጥጥ ጠቅልዬ በትንሽ ሣጥን አደረግኋት። ሰውየው እንደሚያደርገው ወረቀት ቆረጥኩ፤ የተገኘችበት ቦታ መጻፍ አለበት። ምን ልበል? የአቶ እጅጉ ማሳ ብል ሰውየውን ውሸታም ላደርገው ነው። ሌላ ቦታ ብል ውሸታሙ እኔ። ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ ብዕሬን ነክሬ ጻፍኩ፦
«የተገኘችበት ቦታ፦ የሚስቴ መዳፍ።»