ማሽንሽ ዛሬም ይሠራል

አሰላሙ አለይኪ ዘሃራዬ፤ ባለሽበት አላህ ቀብርሽን ያስፋልሽ፣ ያብራልሽ።

ካንቺ ወዲህ ሁለተኛው ረመዳን ደረሰ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። እናትሽ ከኔው ጋር ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ሌላው ደኅና ነው። የመካነ ሰላም ነፋስ ያው ነው፤ የመንገዱን አቧራ እየዛቀ ቤታችን ይጥለዋል። መብራቱም እንደለመደው ብልጭ ድርግም ይላል። እኔን ሰዉ ሁሉ ሌላ አግባ ይለኛል። እነሱ ምን ቤት ናቸው!

ያ ከሳውዲ ያመጣሽው የአቧራ መምጠጫ ማሽን ትዝ ይልሻል? የሰው ቤት ስታጸጂ ኖረሽ ለራስሽ ቤት ብለሽ የገዛሽው እሱን ብቻ ነበር። በመንገዱ በአቀስታ ብርድ አንቺ እየተንቀጠቀጥሽ፣ ብርድ ልብስሽን ለሱ አልብሰሽ፣ ሚኒባስ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፈሽው መጣሽ። ከዚያማ ትእዛዝሽ መች ያልቃል! ከረጢቱ ሳይሞላ ይራገፍ። ማጣሪያው ይታጠብ፣ ግን ጥላ ላይ ሳይደርቅ አይመለስ። ገመዱን ይዘህ አትጎትት። መብራት ሲቆራረጥ ንቀለው፣ እርጥብ ነገር አታስነካው፣ በባዶ አታስጩኸው። ለሱ የምታስቢውን ያህል ለኔ ብታስቢልኝ እያልኩ አበሽቅሽ ነበር። አንቺም እየሳቅሽ ገመዱን ከእጄ ትቀሚኝ ነበር።

የለቅሶው ሰው ከተበተነ በኋላ እናትሽ ምንጣፉን ላጽዳ አሉ። ዕድሜ ልካቸውን በመጥረጊያ ሲጠርጉ እንደሚያደርጉት፣ አቧራው እንዳይነሣ ብለው መጀመሪያ ውሃ አርከፈከፉበት። ከዚያ ማሽኑን አስነሡት። ጭቃውን ሳበና አንቆት ዝም አለ። እኔም ጮህኩ። እሳቸው የልጄን ማስታወሻ አጠፋሁት ብለው እዚያው መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፤ እኔም ጩኸቴን ትቼ አብሬያቸው አለቀስኩ።

ሁሉንም አጥቤ ጥላ ላይ አደረቅሁት። ተነሣ። ግን ያቃስታል፣ ይግላል፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ገልብጬ ሳየው ከሥሩ የሚሽከረከረው ብሩሽ በጸጉር ተተብትቧል። በሂና የቀላ፣ ያንቺው ጸጉር! እሱ ካልወጣ ሞተሩ ይቃጠላል፤ ይህንንም ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ። ግን ከአካልሽ የቀረኝ ያ ብቻ ነበር፣ በምን አንጀቴ ላንሣው? ማሽኑን በጨርቅ ጠቅልዬ አልጋ ሥር ሸሸግሁት። ብዙ ወራት በመጥረጊያ ጠረግን። እናትሽ በአቧራው ሲያስሉ እየሰማሁ አላወጣሁትም።

ትናንት ለረመዳን ቤቱ ሲጸዳ ግን አወጣሁት። መቀሱን ያዝኩና እጄ እምቢ አለኝ። እናትሽ መቀሱን ተቀብለው ወዲያ አስቀመጡት። ብሩሹን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ልጅ ሳለሽ ጸጉርሽን ሲያበጥሩ እንደነበረው፣ በጣታቸው ቀስ እያሉ ፈቱት። አንዱንም አልቆረጡም። የወለቀ ጸጉር ይቀበራል እንጂ አይጣልም ትይ ነበር፤ ወስደን ከራስጌሽ አፈር አለበስነው።

ስንመለስ ማሽኑን ሰካሁት። ልክ እንደ ድሮው ጮኸ። እናትሽ ከጓሮ ድምፁን ሲሰሙ መሞትሽን ረስተው፣ ዘሃራ ብለው ተጣሩ።

አልረሳሽም ዘሃራዬ። እኔ እያለሁ ያ ከረጢት አይሞላም፣ ማጣሪያውም ሳይደርቅ አይመለስም። ትእዛዝሽን አንድ በአንድ እየፈጸምኩ አስታውስሻለሁ። ለትናንት ብቻ ይቅር በይኝ፤ ምንጣፉ ጸድቶ ካለቀ በኋላ፣ ምናልባት ደግመው ይጠሩሽ እንደሆን ብዬ፣ በባዶ አስጮህኩት።