በአንተ ስም ያነሳሁት ስልክ

ውድ ወንድምጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ደውዬ ልነግርህም አስቤ ነበር፤ ግን የገዛ ድምፄን ፈራሁት። ለምን እንደፈራሁት ወደታች ስታነብ ይገባሃል።

አባዬ እኔ የምሠራበት ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ከዚያ ከሩቅ ከተማ ደውለህ «ላናግረው አልችልም ወይ?» አልከኝ። «ኔትወርኩ ዝግ ነው፤ ከውጭ አይገባም» ብዬ መለስኩልህ። አመንከኝ። እንጀራዬ የሆስፒታሉ ኔትወርክ ስለሆነ ማን ይጠራጠረኛል? ደግሞም ግማሹ እውነት ነበር።

በሽታው ተላላፊ ስለሆነ ክፍሉ ሰው አይገባበትም። እኔ ራሴ የማየው በመስታወት ነበር። ሞባይል ማስገባትም ክልክል ነው። ያለው አልጋው አጠገብ የተቀመጠው የሆስፒታሉ የውስጥ ስልክ ብቻ ነው። የእኛ ኔትወርክ የግል ነው ስልህ ይኼን ማለቴ ነው፦ ስልኮቹም ኮምፒውተሮቹም እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፣ እያንዳንዳቸው መጠሪያ ቁጥር አላቸው፣ ቁጥሩ ግን ከአጥሩ ውጭ ትርጉም የለውም። ያው ቁጥር ሌላ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለሌላ ዕቃ ተሰጥቶ ይሆናል፤ ስለማይተያዩ አይጋጩም። በየቤቱ «ትልቁ ልጅ» የሚባል አለ አይደል? እቤት ውስጥ ሲጠራ ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ መንገድ ላይ ቆመህ ብትጣራ ግን ማንም ዞር አይልም።

ለአባዬም ገና በገባ ሰሞን እንዲህ ብዬ አስረዳሁት። «እንዲያ ከሆነማ የእኛ ቤት ነዋ» አለኝ፣ እየሳለም እየሳቀም። «ሁሉን ነገር ውስጥ ለውስጥ!»

አንተ በጠየቅከኝ ዕለት፣ ሰኞ፣ አለቃዬን ለመንኩት። ማክሰኞ ጠዋት መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣና «ለወንድምህ አንድ መንገድ ክፈትለት። እንደጨረሰ ትዘጋዋለህ፤ ተከፍቶ እንዳላገኘው» አለኝ። መንገድ ያለው፣ ሰው ሁሉ በሚጠቀምበት ኢንተርኔት መሀል ተቆልፎ የሚያልፍ መስመር ነው። ኮምፒውተርህ እዚያው አንተ ዘንድ እንዳለ የውስጥ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ እንዳለ ይቆጠራል። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ባልደረቦቼ ወጡና ማሽኖቹ ያሉበት ክፍል ብቻዬን ቀረሁ። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ መስኮት የለውም። ማሽኖቹ ሳያቋርጡ እምም ይላሉ፣ ጥቃቅን አረንጓዴ መብራቶች ይርገበገባሉ። ብዙ ሲቆዩበት እንቅልፍም ንቃትም ያልሆነ ነገር ይዞ ይሄዳል። እንደዚያ ሆኜ ሳለሁ የጠረጴዛዬ ስልክ ጮኸ። የአባዬ አልጋ ቁጥር ነው።

«አቤት አባዬ» አልኩ።

በአንተ የቁልምጫ ስም ጠራኝ። «አንተ ነህ?»

ድምፃችንን ታውቀዋለህ። እማዬ እንኳን በስልክ ስትሰማን ትሳሳት ነበር። ትኩሳቱ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አልበረደለትም። «አይ፣ እኔ ነኝ» ብዬ ላርመው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «አዎ አባዬ» የሚል ሆነ። ለምን እንደሆነ እስከዛሬ አላወቅኩትም። ድምፁ ውስጥ የነበረው ደስታ ይመስለኛል። እኔን እንደዚያ ጠርቶኝ አያውቅም።

«ያ የሙሽራው ኮት» አለ።

ከአባዬ ልብስ ስፌት ቤት የወጣህበትን ቀን እኔም አልረሳሁትም። የኮቱ ጀርባ በካውያ ተቃጥሎ ተገኘ፤ አባዬ በደንበኛው ፊት በጥፊ መታህ፤ አንተ ሜትሩን ከአንገትህ አውርደህ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥክና ሄድክ። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት።

«ካውያውን ኮቱ ላይ የተውኩት እኔ ነኝ» አለኝ። «ሰው ጠራኝና ወጣሁ። ስመለስ ይጨሳል፤ አንተ አጠገቡ ቆመሃል፤ ደንበኛው ያያል። ልጄ፣ ስንት ዘመን ስሰፋ አንድ ልብስ አበላሽቼ አላውቅም ነበር። አፈርኩ። እጄ ቀደመኝ።»

«አውቃለሁ። ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሳትመጣ ቀረህ?»

ለዚህ ውሸት አላገኘሁለትም። «እመጣለሁ» አልኩት። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ስልኩንም ሳይዘጋው እንቅልፍ ወሰደው። ትንፋሹን እየሰማሁ ምን ያህል እንደተቀመጥኩ እንጃ።

መስመሩን በዚያው ሰዓት መክፈት ነበረብኝ። ግን ሁለታችሁ ብትነጋገሩ ምን ይሆናል ብዬ ፈራሁ። እሱ «ነግሬህ የለም ወይ» ቢልህ አንተ «መቼ?» ትላለህ። ያገኘውን ሰላም የምነጥቀው እኔ ልሆን ነው። ረቡዕ አለቃዬ «ወንድምህ አናገረው?» አለኝ። «ገና ነው» ስለው «ምን ይጠብቃል?» ብሎ ትኩር ብሎ አየኝ። ያን ቀን ስትደውልልኝ አሁንም «አልተፈቀደም» አልኩህ።

ሐሙስ ጠዋት ለመተንፈሻ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ አስገቡለት። መናገሩ አበቃ። መንገዱን የከፈትኩልህ ያኔ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነርሷ ጓንት ባጠለቀ እጇ ስልኩን ጆሮው ላይ ያዘችለት። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ቆሜ ነበር። መስመሩን መስማት እችል ነበር፤ አልሰማሁም፤ ይህችን እንኳን እመነኝ። አርባ ደቂቃ አወራኸው። ዓይኑ ተከድኖ ነበር። በኋላ ቀኝ እጁ ብርድ ልብሱ ላይ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ተጋጥመው ከፍ ዝቅ ይላሉ። ነርሷ የጎደለበት ነገር ያለ መስሏት ጎንበስ ብላ ጠየቀችው። እኔ ግን ገባኝ፤ እየሰማህ ይሰፋ ነበር።

ቅዳሜ አረፈ። ከቀብር ስንመለስ «አንዲት ቃል እንኳን ሳይለኝ» ብለህ አለቀስክ፤ እኔም አብሬህ አለቀስኩ። ለአንተ ያለው ቃል እኔ ዘንድ ነበር፣ ወንድምጋሼ። ሳልጨምር ሳልቀንስ ከላይ ጽፌልሃለሁ፤ ከመጀመሪያውም ያንተ ነው። በስምህ የሰጠሁት ይቅርታ ግን የእኔ ሥራ ነው። ልታጸድቀውም ልትሽረውም ትችላለህ። እሱ እንደሆነ ተቀብሎት ሄዷል።

የመጪው ሳምንት እሑድ እመጣለሁ፤ ይህ ደብዳቤ እስከዚያ ይደርስሃል። ባትከፍትልኝ አልቀየምህም፤ ደጃፍህ ላይ ጥቂት ተቀምጬ እመለሳለሁ። ብትከፍትልኝ ደግሞ የልብህን ሁሉ ንገረኝ፤ እስክትጨርስ ቃል አይወጣኝም።

ታናሽ ወንድምህ