ለእህትሽ ፊት የሚሆን ቡኒ

ትርንጎ፣
ማዳሜ በጠዋት ስለጠራችኝ ሐምራ ወዳለው ቤቷ ሄጃለሁ፤ እስከ እሑድ አልመለስም። የእህትሽ ሥዕል መስኮቱ ጋ ነው። አልደረቀምና በጣትሽ አትንኪው፤ ማሞቂያውን ሶብያም አታስጠጊበት።

ፊቷን ፍቄ እንደገና ሠራሁት።

ማዳሜ የሰጠችኝ ሦስቱ ቡኒዎች ከቱቦ ሲወጡ አንድ ይመስላሉ። የሚለያዩት ነጭ ሲደባለቅባቸው ነው። ሲየን የሚባለው ይቀላል። ጥሬው ኦምብር ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፤ ያኒ የታመመ ሰው ያስመስላል። የተቃጠለው ኦምብር ነው ጠይም የሚያወጣው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ጠይሟን ልጅ በሲየን ቀይ ዳማ ያደረግኳት ያምርባታል ብዬ ነው።

አንቺ ግን «የማዳምሽን ዓይን ይዘሽ መጣሽ» አልሽኝ፤ ያውም በእነ ፋጤ ፊት።
ኸላስ፣ ይቅር።

እህትሽን ነፍሷን ይማርና፣ ያለን የመታወቂያ ፎቶዋ ጥቁርና ነጭ ነው። ስለዚህ መልኳን የወሰድኩት ትናንት ልብስ ስታጥቢ ከክንድሽ ላይ ነው። «ምን ታፈጪብኛለሽ?» ብለሽ የተቆጣሽኝ ያኔ ነበር። ለእናትሽ ከመላክሽ በፊት ክንድሽን አጠገቡ አድርገሽ እዪው።

የራሴን ሥዕል ከግድግዳው ላይ አውርጄዋለሁ። አትፈልጊው።
እሱንም የሠራሁት በሲየን ነበር።

እልፍነሽ