እማዬ በፖስታ ቤቱ ሚዛን ላይ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለኦዲራ፣ ሞምባሳ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ደኅና ነን፤ ሐይቁም ዓሣ አልነፈገንም።

ትናንት እማዬ ያደረቀችልህን ዓሣና የማሽላ ዱቄት ይዘን ሆማ ቤይ ፖስታ ቤት ሄድን። ሠራተኛዋ ናፉላ ጥቅሉን መዝና የሞምባሳውን መላኪያ ሂሳብ ስትነግረን እማዬ፣ «ምነው ልጄ፣ ለዓሣው የአውቶቡስ ወንበር ልትይዢለት ነው እንዴ?» አለቻት። የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ።

«እሺ፣ እኔንስ በስንት ትልኪኛለሽ?» ብላ ጫማዋን አውልቃ ሚዛኑ ላይ ወጣች።

«እማማ፣ እርስዎማ ርካሽ ነዎት! ከግማሽ ጆንያ በቆሎ በታች!» አለች ናፉላ።

እኔም አብሬ ሳቅሁ። እማዬ ስትወርድ ሚዛኑ ልክ መሆኑን ናፉላን ጠየቅኋት። ልክ ነው አለችኝ።

ስንመለስ እማዬ መንገዱን ሁሉ ስታንጎራጉር ነበር፤ ዳገቷ ላይ ብቻ ደጋግመን ዐረፍን። የእሑድ ቀሚሷን እንደገና አጥብቤላታለሁ፤ አምሮባታል።

ጥቅሉን አልላክነውም። የአውቶቡስ ዋጋም ጠይቄ ነበር፤ አንድ ሰው ከሞምባሳ እዚህ ለመምጣት የሚከፍለው ከጥቅሉ መላኪያ ብዙም አይበልጥም። ዓሣው ይጠብቅሃል፤ አንተ ግን ገናን አትጠብቅ።

በሰላም ያገናኘን፤
እህትህ አዎር