በጋብቻ ፈቃድ መስኮት ለተነገረኝ መርዶ የቀረበ ምስጋና

ካልጋሪ፣ ጥቅምት 2000 ዓ.ም.

ለተከበሩ የመኪና ታርጋና የጋብቻ ፈቃድ መስጫ ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ቤተሰብዎ፣ ሠራተኞችዎ፣ መስኮቱ ጥግ ያለችው የፕላስቲክ አበባ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን እበላለሁ፣ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ ሲመሽም አልጋዬ ላይ እወጣለሁ። እንቅልፍ ከአልጋ ጋር አብሮ የሚሰጥ ነገር እንዳልሆነ ግን ከቢሮዎ ተምሬያለሁ።

ስሜ አርያም ነው፤ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከእናቴ ጋር ፔንብሩክ በሚባል ሰፈር እኖራለሁ። አማርኛ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ እንግሊዝኛውን ደግሞ ገና ከኋላ ወንበር ሆኜ እየለቀምኩት ስለሆነ ስሕተት ቢያገኙ ይቅር ይበሉኝ። ድምፄ ዝቅ ያለ ነው። አስተማሪዎቼ «ምን አልሽ?» ሳይሉኝ የዋሉበት ቀን የለም። የምጽፈውም ለዚህ ነው። ደብዳቤው በማኅበራችን ጋዜጣ እንዲወጣ እናቴ አንብባ ፈቅዳለች።

ሐሳቤ እርስዎን ማመስገን ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሰልፉ። ባለፈው ነሐሴ እናቴ ሸዋዓለምና ጋሼ ዘካርያስ የጋብቻ ፈቃድ ሊያወጡ ቢሮዎ ሲመጡ አብሬያቸው ነበርኩ። ጋሼ ዘካርያስ የሚሠሩት ሰሜን፣ ዘይት የሚወጣበት ቦታ ነው። በማግስቱ ወደ ሥራ ፈረቃቸው ተመላሽ ስለነበሩ ያ ቀን ካመለጠ ሌላ ቀን አልነበረም። ከፊታችን የተሰለፉት በሙሉ አዲስ ፒክአፕ ገዝተው ታርጋ የሚያወጡ ነበሩ። ትዳርንና መኪናን በአንድ መስኮት ማስተናገድዎ፣ ሁለቱም ያለ ፈቃድ መንገድ ወጥተው ሰው እንዳይገጩ አስበው ይሆናል ብዬ አደነቅሁ። በዚያ ሰሞን በየሱቁ በር «ሠራተኛ እንፈልጋለን» የሚል ተለጥፎ ነበር፤ እርስዎም ሠራተኛ እንዳጡ የገባኝ፣ መስኮቱ ላይ ያስቀመጧት ልጅ በዕድሜ ከእኔ ብዙም እንደማትርቅ ሳይ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ደንብዎ። እናቴ ማታ ማታ ዳውንታውን፣ መሐል ከተማ ያሉትን ፎቆች ነው የምታጸዳው። እዚያ የሚያናግራት ሰው ስለሌለ እንግሊዝኛዋ አልበረታም፤ ጋሼ ዘካርያስ ግን ጥሩ አድርገው ይናገራሉ። እንደገባን እናቴ ጭማቂ ገዛችልኝና ከመስኮቱ ራቅ ያለ ወንበር ላይ አስቀምጣኝ፣ እስክትጠራኝ ድረስ እንዳልነሣ ነገረችኝ። አፍራ ነው ብዬ ነበር። ተራቸው ሲደርስ ግን ልጅቷ ሙሽራው ለሙሽራዋ ማስተርጎም እንደማይችል ነገረቻቸው፤ ሴትዮዋ ተገድዳ እንዳይሆን። መልካም ደንብ ነው፤ ሴትን ካልወደደችው ባል ያድናታል። ልጇን ከምን እንደሚያድን ግን አልተጻፈበትም። ቢሮዎ አስተርጓሚ ስላልነበረው ልጅቷ ዓይኗን በወንበሮቹ ላይ አዞረችና በብዕሯ ወደ እኔ ጠቆመች።

እናቴ «እሷ ትቅር፣ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» ብላ በዚያችው በምታውቃት እንግሊዝኛ ለመነች። ልጅቷ ወይ አሁን፣ ወይ አዲስ ቁጥር ወስዳችሁ ከኋላ ተሰለፉ አለች። መዝጊያ ሰዓት ደርሶ ነበር። እናቴና ጋሼ ዘካርያስ ሲተያዩ እኔ ብድግ አልኩ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የእኔን ድምፅ ሰው ሲፈልገው የመጀመሪያው ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ጥያቄዎቹ። ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ሁሉንም አሳምሬ ተረጎምኩ። ከዚህ በፊት አግብታ ታውቃለች ወይ ስትል አዎ አልኩ፤ ትዳሩ በምን አበቃ ስትል ደግሞ እናቴን እንኳ ሳልጠይቅ በፍቺ አልኩ። የማውቀው እሱን ነበርና። አባቴ ደርበው ከጅቡቲ ነዳጅ የሚያመላልስ የቦቴ ሾፌር ነበር። እኛ እዚህ ከመጣን በኋላ እሑድ እሑድ ይደውል ነበር፤ ከዚያ ስልኩ ቀረ። እናቴ ተለያይተናል፣ አትጠይቂኝ ስትለኝ እኔም አኮረፍኩት። በልቤ ግን ኩርፊያዬን ሳልፈታ፣ ፊቴን አዙሬ፣ የዋልኩበትን ሁሉ እነግረው ነበር። ስለ በረዶው፣ ሲ-ትሬን ስለሚሉት የከተማ ባቡር፣ አፍንጫ ውስጥ ፀጉር የሚያደርቅ ብርድ ስለመኖሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ነገርኩት።

ልጅቷ የፍቺው ወረቀት ይቅረብ አለች። ለእናቴ ነገርኳት። ጋሼ ዘካርያስ ቀስ ብለው «ሸዋዬ፣ ተይው፣ እንሂድ» አሏት። ከኋላችን አንድ ሰውዬ የመኪና ቁልፉን ያቃጭላል። እናቴ እኔን ሳይሆን መስታወቱን እያየች፣

«ፍቺ የለም። አባትሽ ሞቷል። እንደዚያ በያት» አለችኝ።

እኔም አልኩ። ምን ላድርግ፣ ለዚያ ነው የተጠራሁት። በእንግሊዝኛ ባሏ ሞቷል አልኳት። ልጅቷ አንገቷን ሰገግ አድርጋ «ምን አልሽ?» አለችኝ። ድምፄ ዝቅ ያለ ነው ብዬዎት የለም? ስለዚህ ከፍ አድርጌ ደገምኩት።

የት እንደሞተና መቼ እንደሞተም ተጠየቀ። እናቴ ስትነግረኝ እየሰማሁ፣ እየሰማሁ ለልጅቷ እየነገርኳት፣ አባቴ ከሁለት ዓመት በፊት ሚሌ አካባቢ ቦቴው ተገልብጦበት እንደሞተ ተረዳሁ። ነዳጅ የጫነ መኪና መሆኑን ስናገር ልጅቷ ቀና ብላ ፈገግ አለች፤ የእሷም ወንድም ነዳጅ ጫኝ ነው አለችኝ። ከዚያ ወረቀቱን ማኅተም አድርጋ «እንኳን ደስ አላችሁ» አለችን፤ ለሦስታችንም። እሱንም ለእናቴ ተረጎምኩላት።

አራተኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ። በእኛ ዘንድ ሞት እንደ ቁጥር አይጠራም፤ መርዶ ይባላል፣ ሥርዓትም አለው። ሰው ቀኑን ሳይጀምረው፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ የሚወዱት ሰዎች ተሰብስበው ቤቱ ይመጣሉ፤ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ይቆማል፤ ከዚያ ነው የሚነገረው። ለእኔም ሊነግሩኝ አስበው ነበር። መጀመሪያ ፈተናዋን ትጨርስ አሉ፤ ቀጥሎ ክረምቱ ይውጣ፤ ቀጥሎ ደግሞ እሷ ነገር በሆዷ የምታኖር ልጅ ናት፣ ትንሽ ትጠንክር። ፀጉሬን የምትሠራኝ የእናቴ ጓደኛ እትዬ ሙሉሸዋ ሳይቀሩ፣ ራሴን ጭናቸው ላይ አድርገው እየጎነጎኑኝ ያውቁ ነበር። በመጨረሻ ቀን ቆረጡ፤ ያው የዚያኑ ሳምንት ቅዳሜ። ምግቡን እንኳ ሴቶቹ ተከፋፍለውት ነበር። እርስዎ ረቡዕ ቀደሟቸው። ሁለት ዓመት ያቃተንን በአንድ ከሰዓት ስለጨረሱልን ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ቢሆንም ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ መጡ። መኪናቸውን ፓርክ ሲያደርጉና በሩን ሰው እንዳይነቃ ብለው ቀስ አድርገው ሲዘጉ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁ። ማወቄን ሁሉም ሰምተዋል። እትዬ ሙሉሸዋ ግን ምንም እንዳልሰማሁ አድርገው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ሁለቱንም እጆቼን ያዙና «የኔ ልጅ፣ ደርበውን አጣነው» አሉኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ከረቡዕ ጀምሮ ዕንባ ጠብ አላለኝም ነበር።

አምስተኛው ምስጋና አይደለም፤ ልመና ነው።

አባቴ ቢሮዎ ቀርቷል። እኔ ዘንድ የሞተው ሚሌ ሳይሆን እዚያ ስለሆነ ይመስለኛል። ዓይኔን ስጨፍን እኔ የተነሣሁበት ወንበር ላይ ተቀምጦ አየዋለሁ፤ የሾፌር ጃኬቱን እንደለበሰ፣ የመንገዱ አቧራ ቅንድቡ ላይ እንዳለ፣ በእጁ ቁጥር ይዞ። ባለ ፒክአፖቹ ይጠራሉ፤ ሙሽሮቹ ይጠራሉ፤ እሱ ቁጥሩን ያያል፣ ተራ የሚጠራበትን ሰሌዳ ያያል፣ ተራው አይደርስም። ሰባተኛ ጎዳና ላይ ሲ-ትሬን ስሳፈርም በመስታወቱ ከኋላዬ ቆሞ አየዋለሁ፤ ዘወር ስል ሌላ ሰው ነው። ቁጥሩ ግን እጁ ላይ ነበር። ስለዚህ ክቡርነትዎ ሲዘጉ፣ መብራቱን ከማጥፋትዎ በፊት ያንን ወንበር ይመልከቱልኝ። ካገኙት ምንም አይጠይቁት፤ እንግሊዝኛ አይችልም፤ አስተርጓሚም አይፈልጉለት። ቁጥሩን ብቻ ይጥሩለት።

የሰጡን ፈቃድ የሚያገለግለው ለሦስት ወር ነው። የእኔ ሐዘን ግን ወረቀት ስለሌለው መቼ እንደሚያበቃ አልተነገረኝም። እናቴ ፈቃዱን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣ «አንቺ ካልፈለግሽ ቀርቷል» ብላኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አንሥታው አታውቅም። እኔም ብዙ አሰብኩ። ይህች ሴት እኔ እንዳላይባት ብላ ጥቁር ሳትለብስ ነው ባሏን ያዘነችው። እዚያ ፎቆች ላይ፣ ሰው በሌለበት፣ የሰው ጠረጴዛ እየወለወለች አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ ነበር ወደ እኔ የምትመጣው። በእሷ መቆጣት አልቻልኩም። ጋሼ ዘካርያስ እንሂድ ብለው ነበር። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው። አባቴ ሞቷል። ቁጣዬን የማኖርበት ሳጣ እርስዎ ትዝ አሉኝ፤ አላውቅዎትም፣ ቢሮዎም ሰፊ ነው፤ ተመቹኝ።

ትናንት ፈቃዱን ከመሳቢያው አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁላት። ሰርጉ የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ቄሱ እናቴን የሚጠይቋት በአማርኛ ስለሆነ እኔ አላስፈልግም፤ ከኋላዋ ዝም ብዬ እቆማለሁ።

ወንበርዎ እንዲመችዎት፣ ሰልፍዎ እንዳይጎድል፣ የሚወዱትም ሰው ሲለይዎ የሚነግርዎ ሰው እጅዎን ይዞ እንዲነግርዎ እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

አርያም ደርበው
የቦቴ ሾፌሩ የአቶ ደርበው ልጅ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ማንበብ እንደማይችሉ አውቃለሁ። እንደ ልማድዎ ከወንበሮቹ ላይ አንዲት ልጅ አስነሥተው ያስነብቡት ይሆናል። እባክዎ መጀመሪያ ያስቀምጧት። ድምፅዋ ዝቅ ካለብዎትም እርስዎ ጎንበስ ብለው ይስሙ፤ አያስደግሟት።